ጓዳችንን መቼ እናጥራ? ከጳጉሜን እስከ ኅዳር ሲታጠን

በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በየዓመቱ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ቤት ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ አልጋ ሥር ያለው ተጎትቶ፣ ቆጥ ላይ ያለው ወርዶ፣ የማያስፈልገው ዕቃ የሚሰናበተው መቼ ቢሆን ይሻላል? አንዳንዶቻችን ጳጉሜን እንላለን። አንዳንዶቻችን ከፋሲካ በፊት እንላለን። የቀረነው ደግሞ «ጊዜ ሲገኝ» እንላለን፤ ጊዜ ሲገኝ የተባለ ሥራ ግን ዓመቱ ዞሮ ሲመጣም እንደተቀመጠ ነው።

በዚህ እትም ጥያቄውን ወደ ኋላ ወስደን ለማየት ሞክረናል። እናቶቻችንና አያቶቻችን ቤታቸውን የሚያጠሩበት ወቅት ነበራቸው፤ ወቅቱንም ያለ ምክንያት አልመረጡትም። ዝናቡ፣ እህሉ፣ ጾሙና በሽታው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቀን በዓመቱ ውስጥ አስቀምጠዋል። ከእነዚህ ቀናት መካከል ኅዳር 12 ለዛሬው ኑሯችን ከሌሎቹ የበለጠ ትምህርት ይዟል ብለን እናምናለን። ታሪኩን ካየን በኋላ በመጨረሻ ለአባላት አንድ ሐሳብ እናቀርባለን።

ክረምቱና ጳጉሜን

ሰኔ ግም ካለ በኋላ ቤት አይወጣም። ዕቃ ወደ ደጅ ቢወጣ የሚሰጣበት ፀሐይ የለም። ጋቢና ብርድ ልብስ ቢታጠብ ለቀናት ሳይደርቅ ይሰነብታል፤ በእርጥበቱ ታጥፎ ከተቀመጠም ሻጋታ ያበቅላል። ሣጥን ውስጥ ያለውን ልብስ ብል ይበላዋል፤ ግድግዳውን ጤዛ ያርሰዋል። ሰው ከብርዱ ሸሽቶ በአንድ ክፍል ስለሚተፋፈግ ቁንጫና ቅማልም የሚበረታው በዚሁ ጊዜ ነው። በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት በአገራችን በክረምት እንደሚጠና ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ነገር ነው። ስለዚህ ክረምት ዕቃ የሚከማችበት፣ ችግሩም ሣጥን ውስጥና አልጋ ሥር የሚያድግበት ወቅት ነው።

ጳጉሜን የሚመጣው ይህ ሁሉ ከተጠራቀመ በኋላ ነው። አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስድስት ቀን የምትሆነው ይህች አጭር ወር ከአሮጌው ዓመት ወደ አዲሱ መሸጋገሪያ በመሆኗ ቤትም ሰውነትም ይጸዱባታል። ጳጉሜን 3 ቀን፣ በቅዱስ ሩፋኤል በዓል፣ የሚዘንበው ዝናብ እንደ ጠበል ተቆጥሮ ልጆች ይጠመቁበታል። በቤት ውስጥ ደግሞ ግድግዳው ይጠረጋል፣ ወለሉ ይለቀለቃል፣ የተቀዳደደው ይጣላል፣ ለእንቁጣጣሽ ጠዋት የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ይታሰባል። አዲስ ዓመት በቆሻሻ ቤት መቀበል እንደ ነውር ይቆጠር ነበር።

ነገር ግን አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ጳጉሜን ላይ ዝናቡ ገና አላባራም። የጳጉሜን ጽዳት በአብዛኛው የፊት ለፊቱን ቤት፣ እንግዳ የሚያየውን የሚመለከት ነው። ከባድ ዕቃ ማውጣት፣ ፍራሽ ማስጣት፣ ሣጥን ገልብጦ ማራገፍ ሁሉ ለኋላ ይተርፋል። ዕንቁጣጣሽ ቤቱን ለበዓል ያደርሰዋል፤ ጓዳውን ግን ሙሉ በሙሉ አያጠራውም።

ከዚህ አንድ እርምጃ የሚሻገረው የመስቀል ዝግጅት ነው። በጉራጌ አገር መስቀል የዓመቱ ታላቅ በዓል ነው፤ በየከተማው ተበትኖ የሚሠራው ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል። ሴቶቹ ቅቤውንና ቆጮውን ከማዘጋጀታቸው ጎን ለጎን ቤቱን ያድሳሉ። ዕቃው ከመደርደሪያ ወርዶ ይታጠባል፣ ግድግዳና ወለሉ ይለቀለቃል፣ ያረጀው በአዲስ ይተካል። መስቀል መስከረም 17 ስለሚውል ሰማዩም መክፈት የጀመረበት ጊዜ ነው። ከጳጉሜን የሚሻልበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጾምና የጓዳው ዕቃ

ሁለተኛው የማጥሪያ ወቅት ከምግብ ጋር የተያያዘ ነው። ዐቢይ ጾም ሲቃረብ፣ በቅበላ ሰሞን፣ ቅቤ የነካው ድስት፣ ሥጋ የተቆረጠበት ቢላዋና ገበታ፣ ወተት የተናጠበት ዕቃ ሁሉ ተፈትጎ ይታጠባል፤ አንዳንዱም እስከ ፋሲካ ድረስ ለብቻው ይቀመጣል። በዚያ ጊዜ የጓዳው ዕቃ አንድ በአንድ በእጅ ስለሚያልፍ የትኛው ተሰንጥቋል፣ የትኛው አያስፈልግም የሚለውም አብሮ ይታያል። ጓዳን የማወቂያ ጊዜ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በጎንደርና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ደግሞ ከዚህ የጠነከረ ሥርዓት ነበራቸው። ለፋሲካቸው እርሾ ያለበትን ነገር ሁሉ ከቤታቸው ያስወግዱ ነበር። የሸክላ ዕቃ እርሾውን በውስጡ መጥጦ ስለሚያስቀር ታጥቦ እንደማይጠራ ይታመናል፤ ስለዚህ አሮጌውን ሰብረው በአዲስ ይተኩት ነበር። አዲሱን የሚሠሩትም ራሳቸው ናቸው። በሸክላ ሥራ የታወቁት እነዚህ ሴቶች በየገበያው ድስትና ጀበና፣ ገንቦና ምጣድ ይሸጡ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ከነልጆቻቸው በእስራኤል ይኖራሉ፤ ድስቱ ብረት ሆኗል፣ ከፋሲካ በፊት ቤትን ጥግ ድረስ ማጽዳቱ ግን ቀጥሏል።

ሙስሊም እኅቶቻችን በበኩላቸው ረመዳን ከመግባቱ በፊትና ለዒድ ቤታቸውን ያጸዳሉ። የእነርሱ አቆጣጠር በጨረቃ ስለሆነ ወሩ በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል ወደፊት ይመጣል። አንድ ጊዜ በበጋ የዋለው ረመዳን ከዓመታት በኋላ በክረምት ይገባል። ስለዚህ ለእነርሱ የበዓሉ ጽዳትና የአየሩ ሁኔታ ሁልጊዜ አይገጣጠሙም። ይህን የምናነሣው በማኅበራችን የሁለቱም እምነት ተከታዮች ስላሉና ለሁላችንም የሚሆን አንድ ወቅት ብንፈልግ በበዓል ብቻ ሳይሆን በአየሩም መመዘን ስላለብን ነው።

እህል ከመግባቱ በፊት

ያ ለሁሉም የሚሆነው ወቅት ኅዳር ነው። ከተማው ኅዳር 12ን ከማወቁ በፊት ገበሬው ቤት ኅዳርን ያውቀው ነበር። ክረምቱ አልፏል፣ ምድሩ ደርቋል፣ ጠዋት ብርድ ቢሆንም ቀኑ ጠራራ ነው። ጤፉ ታጭዶ ሊወቃ፣ አዲሱ እህል ወደ ቤት ሊገባ ነው። አዲስ እህል በአሮጌ እህል ላይ አይገለበጥም። ጎተራው ውስጥ የቀረው ተጠርጎ ካልወጣ ነቀዙ ወደ አዲሱ ይሸጋገራል፤ የዓመት ልፋትም በጥቂት ወራት ውስጥ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ጎተራው ባዶ ተደርጎ ይጠረጋል፣ ስንጥቁ በጭቃና በእበት ይለቀለቃል፣ ይደርቃል። አውድማውም እንዲሁ በእበት ይለቀለቃል።

የዚህ ሥራ አብዛኛው ክፍል የሴቶች ነበር። አሠራሩ ዛሬም ይጠቅመናል፤ አዲስ ነገር ከመግባቱ በፊት ለእርሱ የሚሆን ቦታ ማጽዳት፣ ያበላሸውን ከሚያበላሸው ጋር አለማቀላቀል። ጎተራ የሌለን የከተማ ሴቶችም በርበሬና ሽሮ፣ ጤፍና ምስር የምንገዛው ምርት በሚገባበት በበጋ ወራት ነው። የዱቄት ጣሳውና የጤፍ ማስቀመጫው ባዶ ሆኖ የሚታጠብበት ትክክለኛ ጊዜም ከዚያ በፊት ነው።

የ1911 ኅዳር

ኅዳር በከተማ ሰው ዘንድ ሌላ ትርጉም ያገኘው በ1911 ዓ.ም. ነው። የአውሮፓው ታላቅ ጦርነት ያበቃው ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ሰሞን ኢንፍሉዌንዛ መላውን ዓለም አዳርሶ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው እየገደለ ነበር። አገራችንም አልቀረላትም። ዘመኑ የንግሥት ዘውዲቱ ነው፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን ናቸው። በሽታው በአዲስ አበባ በረታና ቤተ መንግሥት ድረስ ገባ፤ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ክፉኛ ታመው ድነዋል።

በከተማው ያለቀው ሰው ብዛት 10,000 ያህል እንደሚደርስ ይነገራል። የዛሬዋን አዲስ አበባ ይዘን ብንመዝነው ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን ከተማዋ ከተቆረቆረች ገና ከ30 ዓመት ብዙም አልዘለለችም፣ ነዋሪዋም ጥቂት ነበር። ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አንድ ሰፈር ውስጥ ስንት ቤት ተዘግቶ እንደቀረ ማሰብ ይቻላል። ቀባሪ ጠፋ ይባላል። ዕድር ላለን፣ ሬሳ ሳይሸኝ ማደሩን እንደ ትልቅ ነውር ለምንቆጥር ሰዎች የዚህን ቃል ክብደት ማስረዳት አያስፈልግም።

በዚያ በሽታ ሌላም ክፋት ነበረ። ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ሽማግሌንና ሕፃንን ነው። የ1911 በሽታ ግን በመላው ዓለም ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን ሰው በተለየ ሁኔታ ገደለ። ይህ ዕድሜ የእናቶች ዕድሜ ነው። የሚያጠቡ፣ የሚጋግሩ፣ የታመመ የሚያስታምሙ ሴቶች ቀድመው ወደቁ። የቤቱ ምሰሶ ከወደቀ በኋላ የተረፈው ልጅ የማን እንደሚሆን አሳሳቢ ነበር። ሕዝቡ በሽታውን «የኅዳር በሽታ» ብሎ ጠራው፤ ስሙም እስከ ዛሬ ድረስ በዚሁ ቀረ።

በቃል እንደወረድነው ታሪክ የበሽታው ጉልበት የተሰበረው በኅዳር ሚካኤል፣ ኅዳር 12፣ ግድም ነው። ሰው ቤቱንና ግቢውን እየጠረገ፣ ቆሻሻውን ከደጅ እየከመረ አቃጠለ፤ መንደሩን በጢስ አጠነው። በሽታን በጢስ ማባረር ከዚያ በፊትም የሚታወቅ ልማድ ነበር፤ ዕጣንም ወይራም ለዚህ ይጨሱ ነበር። የ1911ን ኅዳር ልዩ ያደረገው ግን ከተማው በሙሉ በአንድ ላይ ማድረጉ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ ቀኑም «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። አዲስ አበባን በዚያን ዕለት ያየ ሰው ከየመንደሩ የሚነሣውን ጢስ ያውቀዋል።

ጢሱ በሽታውን ገደለ ወይ? አልገደለም። ኢንፍሉዌንዛ የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ነው፤ ጢስ አያጠፋውም። ነገር ግን ያን ጊዜ የተደረገውን ሁሉ ከንቱ ነው ብሎ መጣል ልክ አይደለም። ቤት ተከፍቶ ነፋስ ገባበት፤ ጨርቅና ፍራሽ ወደ ፀሐይ ወጣ፤ አይጥና ቁንጫ የሚደበቅበት ተራገፈ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሞት ያስደነገጠው ሕዝብ በእጁ የሚሠራው አንድ ሥራ አገኘ፤ ከጎረቤቱም ጋር ሠራው። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና ወደ አገራችን ሲገባም ዕጣን በየመንገዱ ሲጨስ ያየነው ከዚሁ ከቆየ ልማድ የተነሣ ነው።

ለክፉ ቀን የተቀመጠው

በ1911 የተቃጠለው ቆሻሻ ምን ነበር ብለን እንጠይቅ። ጭድ፣ ገለባ፣ የዛፍ ቅጠል፣ የተቀዳደደ የጥጥ ልብስ፣ ያረጀ ሰሌን፣ የተሰበረ እንጨት ነው። የሸክላው ስባሪ አፈር ይሆናል፤ ዓመዱ ማሳ ላይ ይበተናል። ያን ጊዜ ከአንድ ቤት የሚወጣው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ከመሬት የመጣና ወደ መሬት የሚመለስ ነበር። ዛሬ ግን እንስራውን የፕላስቲክ ጄሪካን፣ አገልግሉን ፌስታል፣ ሰሌኑን የላስቲክ ምንጣፍ ተክቶታል።

በዚያ ላይ ዕቃ መጣል የማንወድበት የራሳችን ታሪክ አለን። በደርግ ዘመን ስኳርና ዘይት፣ ሳሙናና ጨርቅ በቀበሌ ሱቅ በራሽን ይታደል ነበር። ተራ ጠብቆ ዘይት ለመቅዳት ዕቃ ያስፈልጋል፤ ዕቃ የሌላት ሴት ተራዋ ቢደርስም ባዶ እጇን ትመለሳለች። ባዶ የወተት ጣሳ ስኒ ነበር፣ መስፈሪያ ነበር፣ የአበባ ተክል ማሳደጊያም ነበር። በ1966ና በ1977 ረሃብን ያዩ እናቶች ያሳደጉን ልጆች ምንም ነገር «ለክፉ ቀን ይሆናል» ሳንል አንጥልም። ይህ ስስት አይደለም፤ ከኑሮ የተገኘ ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ ጓዳዋ የሞላባትን እኅት «ሰብሳቢ» ብሎ ማሾፍ ተገቢ አይመስለንም።

ነገር ግን ቤቱም ተለውጧል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ትርፍ ቤቶች ተወርሰው ብዙ ቤተሰብ በቀበሌ ቤት ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ሲኖር ዕቃ የሚቀመጠው አልጋ ሥርና ቆጥ ላይ ሆነ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ብዙዎች ወደ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የእንጨት ምድጃ አይወጣም፤ በርሜልና ሙቀጫ ማስቀመጫ ግቢ የለም። ዕቃው ግን ከነትዝታው ተከትሎን መጣና በረንዳው ላይ ተከመረ። በቤታቸው እንጀራ እየጋገሩ ለሚሸጡና ልብስ ለሚሰፉ አባሎቻችን ደግሞ ይህ የቦታ ጥያቄ የእንጀራ ጥያቄ ነው። በዕቃ በተጣበበ ክፍል ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድና የተከመረ ጨርቅ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አደጋው ምን ሊሆን እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን።

ከደጃፋችን ከወጣ በኋላ

ከቤት የወጣ ዕቃ የሚሄድበት መንገድ በአዲስ አበባ ረጅም ታሪክ አለው። ጠዋት ጠዋት «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ ቆርቆሮና ብረት፣ ጠርሙስና ያረጀ ዕቃ ይገዛል። «ልዋጭ!» የሚለው ደግሞ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ ሳህን ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ይሰጣል። የተሰበሰበው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ እዚያ በርሜሉ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፣ ጣሳው ኩራዝ ይሆናል፣ የመኪና ጎማው ባሊና ጫማ ይሆናል። ይህን ሥራ ማንም መሥሪያ ቤት አላቋቋመውም፤ ድሃው ራሱ የፈጠረው ነው። እኛ ጣልነው የምንለው ነገር የስንት ቤተሰብ ራት እንደሆነ ማስታወስ ይገባል።

ሌላው መንገድ ወደ ቆሼ የሚወስደው ነው። ረጲ የሚገኘው ይህ የቆሻሻ መጣያ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲቀበል ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከሥሩ በነበሩ ቤቶች ላይ ወደቀ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በአገሪቱ የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። ያ ተራራ ከየት መጣ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ከየቤታችን ነው። አንዱ ፌስታል፣ አንዱ የተቀደደ ፍራሽ፣ አንዱ ማንም ሳይለየው የተጣለ ጠርሙስ እየተደራረበ ከሥሩ የሚኖረውን ሰው ቀበረ።

ለዚህ ሕግ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 እያንዳንዱ የቤተሰብ ኃላፊ እንደገና ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ ከሚወገደው እንዲለይ አዝዞ ነበር። በየደጃችን ቆሻሻ የሚሰበስቡት ሠራተኞች ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ባልተለየ ከረጢት ውስጥ ያለው የተሰበረ ብርጭቆና ያገለገለ መርፌ የሚቆርጠውና የሚወጋው የእነርሱን እጅ ነው።

እንግዲህ በኅዳር 12 እሳቱን እንደ ድሮው እንለኩስ ማለት አንችልም። ጭድና ቅጠል ሲቃጠል የሚወጣው ጢስና ፌስታል፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ አንድ አይደሉም። የኋለኛው መርዝ ነው፤ አስም ያለበትን ልጅና አጠገቡ የቆመችውን ነፍሰ ጡር ይጎዳል። በሽታን ለማባረር የተጀመረ ቀን በሽታ እንዲያመጣ መፍቀድ የአያቶቻችንን ሐሳብ መገልበጥ ይሆናል።

ለአባላት የምናቀርበው ሐሳብ

ከታሪኩ የምንወስደው ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው ወቅቱ ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ፣ ፀሐይ ጠርታ፣ አዲሱ እህል ሳይገባ። ሁለተኛው የቀን ገደብ ነው፤ በዓመቱ ውስጥ ስም ያለው ቀን ያለው ሥራ አይረሳም። ሦስተኛው አንድነት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ቀን ሲያደርገው ብቻዋን የማትችለውም ትችላለች። ስለዚህ ከኅዳር 1 እስከ ኅዳር 12 ያሉትን ቀናት የማኅበራችን የጓዳ ማጥሪያ ሰሞን እንዲሆኑ፣ ማጠቃለያውም ያለ እሳት እንዲሆን ሐሳብ እናቀርባለን።

አካሄዱ ይህን ይመስላል። ከኅዳር 1 እስከ 3 ልብስና መኝታ ይወጣል፤ ሣጥኑ ተገልብጦ ይራገፋል፣ ጋቢና ብርድ ልብሱ ፀሐይ ይመታዋል። ሁለት ክረምት ያልተለበሰ ልብስ ለሌላ ሰው ይሆናል። ከኅዳር 4 እስከ 6 ጓዳው ነው፤ ጣሳና ጄሪካኑ ይቆጠራል፣ ክዳን የሌለውና የተሰነጠቀው ይለያል፣ የእህል ዕቃው ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። ከኅዳር 7 እስከ 9 አልጋ ሥር፣ ቆጥና በረንዳ ይጠራሉ። ወረቀት የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው፤ የቤት ካርታ ወይም የኪራይ ውል፣ የቁጠባ ደብተር፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀትና የትምህርት ማስረጃ በአንድ ደረቅ ቦታ ይቀመጣሉ። ማንኛዋም አባል በችኮላ ወረቀት እንዳትጥል አደራ እንላለን።

ኅዳር 10ና 11 የመለያ ቀናት ናቸው። የሚሰጠው፣ የሚሸጠው ወይም የሚለወጠው፣ የሚጠገነውና የሚጣለው በአራት ይከፈላል። ቁራሌውን አንድ በአንድ ከመጥራት ይልቅ የሰፈሩ አባላት ብረትና ጠርሙሱን አጠራቅመው በአንድነት ቢሸጡ ዋጋውም ይሻላል፤ ገንዘቡም ለጋራ ሣጥን ሊገባ ይችላል። ብርጭቆና መርፌ ለብቻ ታሽጎ ምልክት ይደረግበት። ኅዳር 12 ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙት ተሳልመው ከተመለሱ በኋላ፣ ሁላችንም መጥረጊያ ይዘን የመንደራችንን መንገድና ቦይ እንጠርጋለን፤ ቅጠሉና ገለባው ጉድጓድ ገብቶ ለጓሮ አትክልት ፍግ ይሆናል። ዕጣን ማጨስ የፈለገች በቤቷ ታጭስ፤ ማንም አይከለክላትም።

አቅም ያነሳቸው፣ በዕድሜ የገፉና ብቻቸውን የሚኖሩ አባሎቻችን አሉ። ፍራሽ ብቻዋን የማታወጣ እናት ቤት ሦስት ሰው ቢሄድ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ስንሄድ ግን የእርሷን ዕቃ እኛ እንዳንመርጥላት። ያ የዘይት ጣሳ ለእኛ ቆሻሻ ሊመስል ይችላል፤ ለእርሷ የራሽን ዘመን ማስታወሻ ሊሆን ይችላል። የሚቀረውንና የሚሄደውን የምትወስነው የቤቱ ባለቤት ናት።

በውጭ አገር ለምትኖሩ ደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ኅዳር ብርዱ የሚገባበት፣ መስኮት የሚዘጋበት ወር ስለሆነ ይህ ወቅት ለእናንተ ላይመች ይችላል። የእናንተ ኅዳር ምናልባት ክረምታችሁ አልፎ ፀሐይ ስትወጣ፣ ከፋሲካ በፊት ባለው ሰሞን ነው። መርሑ ግን አንድ ነው፤ ከክፉው ወቅት በኋላ፣ በመጀመሪያው ደረቅ ፀሐይ፣ ከጎረቤት ጋር።

በ1911 ኅዳር ከሞት የተረፉት ሰዎች መጥረጊያ ያነሡት የታመመውን ቤታቸውን ለማዳን ነበር። ከ100 ዓመት በላይ ያለፈውን ያንን ቀን እኛ የምናከብረው ሰፈራችንን ንጹሕ፣ ሠራተኞቻችንን ደኅና፣ ጓዳችንንም ለሥራ የሚመች በማድረግ ይሁን። በሐሳቡ ላይ በሚቀጥለው ስብሰባ እንነጋገርበታለን፤ እስከዚያው እያንዳንዳችን አልጋችን ሥር ያለውን አንድ ካርቶን ከፍተን እንየው።